ኤልሳቤጥ ስለ ባልዋ አቤት እንዳለች

ልጆች ሆይ፤ በኦሪት ዘፍጥረት የዮሴፍን ታሪክ አንብባችኋል። ዮሴፍ ያለ በደሉ በግብፅ ወህኒ ቤት ታስሮ ሳለ የጠጅ አሳላፊውን ሕልም ፈታለት፤ ከዚህም በኋላ ወደ ሹመቱ በተመለሰ ጊዜ እንዲያስበውና ስለ እርሱ ለፈርዖን እንዲነግርለት ለመነው። ጠጅ አሳላፊው ግን ወጥቶ ረሳው፤ ዮሴፍም ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨማሪ በእስራት ተቀመጠ። ነቢዩ ኤርምያስም ንጉሡን ሴዴቅያስን፥ ታስሮበት ወደ ነበረው ወደ ጸሐፊው ወደ ዮናታን ቤት እንዳይመልሰው ለምኖታል። እንግዲህ እስረኛ አቤት ማለቱ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ዛሬ የምናነበው ግን ከዚያ እጅግ ብዙ ዘመን በኋላ በእንግሊዝ አገር የሆነውን ነው። አቤት ያለችውም የእስረኛው ወጣት ሚስት ናት። በዚህ ትምህርት የሚጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጆን ቡንያን በ1628 ዓመት ቤድፎርድ በምትባል ከተማ አጠገብ ባለች ኤልስቶው በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የናስ ድስትና የብረት ዕቃ ጠጋኝ ነበረ፤ ልጁም ያንኑ ሥራ ተማረ። ትምህርት ቤት የገባው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ግን ዐወቀ። በጕልምስናውም ልቡ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ፤ ከጥቂት ዘመንም በኋላ በየመንደሩ እየዞረ ወንጌልን ይሰብክ ጀመር። የተሾመ ካህን አልነበረም። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ያለ ንጉሥ ስለ ነበረች፥ እንደ እርሱ ያሉትን ሰባኪዎች የሚከለክል ብዙ አልነበረም። ነገር ግን በ1660 ዓመት ንጉሡ ዳግማዊ ቻርልስ ከስደት ተመልሶ በአባቱ ዙፋን ተቀመጠ። ከዚህ ወዲያ ሹማምንቱ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚሰበሰቡትን ሰዎች ሁሉ በጥርጣሬ ይመለከቱአቸው ጀመር፤ ስብከት እያሉ ዐመፅ ይማከራሉ ብለው ፈርተዋልና። ደግሞም ያለ ምክንያት ፈሩ አይባልም፤ የንጉሡን አባት ቀዳማዊ ቻርልስን ሕዝቡ ተነሥቶበት በ1649 ዓመት አንገቱ ተቈርጦ ነበረ።

በዚሁ በ1660 ዓመት በኅዳር ወር በ12ኛው ቀን ቡንያን ሳምሰል በተባለች መንደር በአንድ የገበሬ ቤት ሊሰብክ ሄደ። የመያዣው ትእዛዝ አስቀድሞ ወጥቶ ነበርና ወዳጆቹ ነገሩት፤ ቢፈልግ ሊያመልጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን፥ እኔ ሰባኪው ብሸሽ በቅርቡ ያመኑት ደካሞች ልባቸው ይቀልጣል ብሎ ዐሰበና ቀረ። ጸሎቱን አድርሶ ንባቡን ሲጀምር የሹሙ ወታደር ገብቶ ያዘው። የአጥቢያው ዳኛም ዋስ ቢጠራ ሊለቀው ፈቀደ፤ ነገር ግን ዋሶቹ ቡንያን ዳግመኛ እንዳይሰብክ የሚዋሱ መሆን አለባቸው አለ። ቡንያን ከተለቀቅሁ መስበኬ አይቀርም፥ ዋሶቼንም አስበላቸዋለሁ ብሎ በግልጥ ተናገረ። ስለዚህ ወደ ቤድፎርድ ወህኒ ቤት ወሰዱት። ወዳጆቹም በሌላ ስፍራ ወዳለ ወጣት ዳኛ ሄደው ዋስ እንሁንለት ቢሉት፥ ያ ዳኛ ለሹመቱ አዲስ ነበረና ከዚህ ደብዳቤ በስተኋላ ሌላ የተሰወረ ወንጀል ይኖር ይሆናል ብሎ ፈራ፤ አልቀበልም አለ።

የዚያ ዘመን ወህኒ ቤት ምን ይመስል እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋችኋል። መንግሥት እስረኛን አይቀልብም ነበር ማለት ይቻላል፤ ስንቁን የሚያመጣለት ዘመዱ ነው። ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ በአገራችንም የእስረኛ ቤተ ሰብ አገልግልና እንጀራ ተሸክሞ ወደ እስር ቤት መመላለሱ የታወቀ ነውና። የእንግሊዝ የወህኒ አዛዥ ደግሞ ደመወዙን ከመንግሥት አይቀበልም፤ ከእስረኞቹ ኪስ ያወጣ ነበር። ሲገቡ ይከፍላሉ፥ ሲወጡም ይከፍላሉ። ከዚህም የባሰው፥ በፍርድ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሰው እንኳ የአዛዡን ገንዘብ ካልከፈለ አይወጣም ነበር። ይህን ክፉ ልማድ የነቀፈው በኋላ ዘመን በ1773 ዓመት በዚሁ በቤድፎርድ አውራጃ ሸሪፍ የሆነው ጆን ሀዋርድ ነው፤ በሚመጣው ዓመት በ1774 ንጹሓን ሰዎች ስለ ክፍያ እንዳይያዙ ሕግ ወጣ። ለቡንያን ግን ያ ዘመን ገና ሩቅ ነበረ።

ሰባት ሳምንት ያህል ታስሮ ከቈየ በኋላ በ1661 ዓመት በጥር ወር በአውራጃው ዳኞች ፊት አቆሙት። ክሱም ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም፥ ያልተፈቀደ ጉባኤም ያደርጋል የሚል ነበር። ቡንያን ከዳኞቹ ጋራ ስለ ጸሎትና ስለ ስብከት ተከራከረ። በክርክሩም ከወንድሞቹ ጋራ ለጸሎትና ለስብከት መሰብሰቡን አልካደም። ነገር ግን ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም ተብሎ በደንቡ ሳይጠየቅ፥ ዳኞቹ ይህን ንግግሩን እንደ እምነት ቃል ቈጥረው በመዝገብ አጻፉበት። ፍርዱም እንዲህ ሆነ፤ ሦስት ወር ደግሞ ይታሰር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድና ስብከቱን ለመተው እሺ ካላለ ከአገር ይሰደድ፤ ያለ ንጉሥ ፈቃድ ቢመለስ ይሰቀል። ይህን የመዝገብ ነገር ልብ በሉ፤ የኋላው መከራ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ላይ ነው።

ሦስቱ ወር ሊፈጸም ሲል የችሎቱ ጸሐፊ ወደ ወህኒ ቤቱ መጣ። ቡንያንንም በለዘበ ቃል መከረው። ከጉባኤው ብትቀር ምናለ፥ ለጎረቤትህ ብቻህን ብትነግረው የሚከለክልህ የለም አለው። ቡንያንም ለአንድ ሰው መናገር በጎ ከሆነ ለሁለት መናገር ስለ ምን ክፉ ይሆናል ብሎ ተከራከረው፤ አልተስማሙም። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ሚያዝያ 1661 ንጉሡ ዘውድ ጫነ። እንደ ልማዱም በንግሥ ቀን የምሕረት አዋጅ ተነገረ። ፍርድ ሳይፈረድባቸው የታሰሩት ብዙዎቹ በዚያ አዋጅ ወጡ። የተፈረደባቸው ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የምሕረት ደብዳቤ እየገዙ እንዲወጡ ታዘዘ። ቡንያን በመዝገብ ላይ እንዳመነና እንደ ተፈረደበት ተጽፎአልና ከእነዚህ ጋራ ተቈጠረ። በዚህም ምክንያት ለጊዜው ከአገር አላሰደዱትም፥ አልፈቱትምም።

አሁን ወደ ሚስቱ እንመለስ። ኤልሳቤጥ ለቡንያን ሁለተኛ ሚስቱ ናት፤ ያገባችው በ1659 ዓመት ነው። ፊተኛይቱ ሚስቱ ሞታ አራት ልጆች ትታለት ነበር፤ ታላቂቱ ማርያም ከመወለድዋ ጀምሮ ዕውር ነበረች። ኤልሳቤጥ በወጣትነትዋ የአራት ልጆች እንጀራ እናት ሆነች። ባልዋ በተያዘ ጊዜ እርስዋ ፀንሳ ነበረች፤ ወሬውን በሰማች ጊዜ ደንግጣ ያለ ጊዜዋ ምጥ ያዛት፤ ስምንት ቀን አምጣ ወለደች፥ ሕፃኑም ሞተ። ይህ ሁሉ ከደረሰባት በኋላ ነው እንግዲህ የአቤቱታ ደብዳቤ ይዛ ወደ ለንደን የተነሣችው። ከቤድፎርድ እስከ ለንደን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በዚያን ዘመን የአቤቱታ ደብዳቤ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በራስጌው የሚለመነው የንጉሡ ወይም የመኰንኑ ማዕረግ ይጻፋል፤ ቀጥሎ የለማኙ ስም ከነትሕትናው፤ ከዚያ የደረሰበት ነገር ባጭሩ፤ ከዚያም የሚለምነው። በመጨረሻ ለማኙ ስለ ጌታው ዕድሜ ዘወትር እንደሚጸልይ ይናገርና ይዘጋል። ነገር ግን የተጻፈው ደብዳቤ በታላቅ ሰው እጅ ካልገባ ምንም አይረባም። የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። የቤተ መንግሥት ደጅ የጠኑ አባቶቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል።

ኤልሳቤጥ በለንደን ከመኳንንት ምክር ቤት አንዱ የሆነ ጌታ አገኘች። እርሱም ደብዳቤዋን ተቀብሎ ለባልንጀሮቹ አሳያቸው። እነርሱም ተመልክተው፥ እኛ ልንፈታው አንችልም፥ የመፍታቱን ነገር በሚመጣው ችሎት ለሚቀመጡት ዳኞች ሰጥተናል አሉ። በእንግሊዝ አገር የንጉሡ ታላላቅ ዳኞች ከለንደን እየወጡ በዓመት ሁለት ጊዜ በየአውራጃው ይዞሩ ነበር፤ ወደ ቤድፎርድም በነሐሴ ወር ሊመጡ ነበር። ኤልሳቤጥም ባዶ እጅዋን ተመለሰች፤ ሆኖም አንድ ነገር ይዛ ተመለሰች፤ ጉዳዩ ወደ ማን እንደሚቀርብ ዐወቀች። አቤት የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚደክመው የማይመለከተውን ደጅ ሲያንኳኳ ነው።

በነሐሴ 1661 ሁለቱ ዳኞች መጡ፤ ስማቸውም ማቴዎስ ሄልና ትዊዝደን ይባል ነበር። ሄል በሕግ ዕውቀቱና በእግዚአብሔር ፍርሃቱ የታወቀ ሰው ነው፤ በኋላ በ1671 ዓመት የንጉሡ ችሎት የበላይ ዳኛ ሆኖ ተሾመ። ኤልሳቤጥ ደብዳቤዋን መጀመሪያ ለእርሱ ሰጠችው። በየዋህነት ተቀበላትና የሚቻለውን እንደሚያደርግ፥ ነገር ግን ምንም እንዳይቻለው እንደሚፈራ ነገራት። በማግሥቱ፥ የፊተኛው እንዳይረሳ ብላ፥ ሌላ ደብዳቤ በትዊዝደን ሠረገላ ውስጥ ጣለችለት። በአገራችንም ሰዎች በንጉሥ መንገድ ዳር ቆመው አቤቱታቸውን ሲወረውሩ ታይተዋል፤ ሌላ በር የጠፋበት ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትዊዝደን ግን ተቈጣ፤ ባልሽ የተፈረደበት ሰው ነው፥ አልሰብክም ብሎ ተስፋ ካልሰጠ አይፈታም ብሎ ገሠጻት። ሦስተኛ ጊዜ ሄል በችሎት ተቀምጦ ሳለ ቀረበች። ሊሰማት የፈቀደ መሰለ። ወዲያው ግን ቼስተር የሚባል የአገሩ ዳኛ ተነሥቶ ያ ሰው በዚህ ችሎት የተፈረደበት፥ ልበ ትኩስ ነው ብሎ ተናገረ፤ ሄልም ነገሩን ተወው።

ሦስት ጊዜ ተመለሰች ማለት ነው። አራተኛ ጊዜ የሄደችው ሸሪፉ ስላደፋፈራት ነው። ይህ ሸሪፍ የአውራጃው ሹም ሲሆን እስረኛ የሚጠበቀው በእርሱ ሥልጣን ነው፤ ነገር ግን አዘነላትና ዳኞቹ ከከተማው ሳይወጡ አንድ ጊዜ ደግመሽ ሞክሪ አላት። ከሹማምንት መካከል እንዲህ ያለውም ይገኛል።

ዳኞቹ ከችሎት በኋላ በወንዙ ድልድይ አጠገብ ባለ ስዋን በሚባል የእንግዳ ማረፊያ ቤት፥ በላይኛው ክፍል ከአገሩ ዳኞችና መኳንንት ጋራ ተቀምጠው ነበር። ኤልሳቤጥ ልብዋ እየተንቀጠቀጠ፥ ፊትዋም በኀፍረት ተሸፍኖ ገባች። ልጆች ሆይ፤ ይህን ክፍል አስቡት። በመካከሉ ያቺ ወጣት ሴት፥ በዙሪያዋ ካባ የደረቡ ጌቶች። ጠበቃ የላትም።

ቃልዋን ለሄል አቀናች። እርሱም ባልዋ በችሎት የተናገረውን እንደ እምነት ቃል ስለ ጻፉበት ያ ካልፈረሰ ምንም ሊረዳት እንደማይችል ደግሞ ነገራት። ያን ጊዜ ኤልሳቤጥ አልቅሳ ብቻ አልቀረችም፤ ነገሩን በተራ አስረዳች። ባልዋ የተያዘው ጉባኤ የሚከለክል አዋጅ ሳይነገር ነው አለች። ክሱ ሐሰት ነው አለች። በደለኛ ነህ ወይስ አይደለህም ብሎ የጠየቀው የለም፥ እርሱም በደሌን አምኛለሁ አላለም አለች። የሕግ ትምህርት ያልተማረች ሴት የጉዳዩን እምብርት እንዲህ ነካችው። ቼስተር ግን ሌላ መልስ አላገኘምና ተጽፎአል፥ ተጽፎአል እያለ ደጋገመ፤ የተጻፈ ሁሉ እውነት የሆነ ይመስል።

ትዊዝደንም ባልሽ ስብከቱን ይተዋልን ብሎ ጠየቃት። መፈታቱ በአንዲት ቃል ላይ የቆመው በዚህ ጊዜ ነው። አዎን ብትል ምን አልባት በሩ ይከፈታል፤ ልጆችዋም አባታቸውን ያገኛሉ። እርስዋ ግን መናገር እስከ ቻለ ድረስ ስብከቱን ለመተው እንደማይደፍር ተናገረች። ትዊዝደንም እንግዲያ ስለዚህ ሰው ከዚህ በላይ ምን እንነጋገራለን ብሎ ተቈጣ። ደግሞ ባሰበት ጊዜ ሊመታት ነው ብላ ፈርታ ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በዚህ ስፍራ በደረስሁ ቍጥር እቆማለሁ። ለምንድር ነው ብትሉ፥ ያንን ቃል ተናግራ ወደ ቤትዋ ስትመለስ እንጀራ የሚጠብቁት አራቱ ልጆች ናቸውና። የራስን ሥጋ ለመከራ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የሕፃናትን ረኃብ እያዩ እውነትን መናገር ግን ሌላ ነው።

ስለ ልጆቹም ተናገረች። አራት ራሳቸውን መርዳት የማይችሉ ልጆች አሉን፥ አንዲቱ ዕውር ናት፥ የምንኖረውም በቸር ሰዎች ምጽዋት ብቻ ነው አለች። ሄልም ገና ወጣት ስትሆን የአራት ልጆች እናት መሆንዋን አደነቀ። እንጀራ እናታቸው እንደ ሆነች፥ ካገባችውም ገና ሁለት ዓመት እንዳልሞላት፥ የራስዋም ሕፃን በድንጋጤዋ ምክንያት እንደ ሞተ ነገረችው። ሄልም ከልቡ አዘነላት። ትዊዝደን ግን ድህነትዋን እንደ መጐናጸፊያ ታደርገዋለች፥ ሰውየው ሥራውን ሠርቶ ከሚበላ በስብከት ብዙ ያገኛል አለ። ሄል የባልዋን ሥራ ጠየቀ። ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ቀድመው ዕቃ ጠጋኝ ነው አሉ። ኤልሳቤጥም አዎን አለች፤ ደግሞም ዕቃ ጠጋኝና ድኻ ስለ ሆነ ይናቃል፥ ፍርድም አያገኝም ብላ ጨመረች።

ይህ ቃል በአገራችንም የሚገባው ሰው ብዙ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚፋቀውን ሰው በሥራው መስደብ ዘመናት የቈየ ክፉ ልማዳችን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረዋል። ማረሻ ባይኖር ማን ይበላ ነበር!

ሄል በመጨረሻ መንገዱን አሳያት። ሦስት በር አለ፤ ወይ ለንጉሡ ራሱ አቤት በዪ፥ ወይ የምሕረት ደብዳቤ አውጪ፥ ወይ ደግሞ ፍርዱ ተሳስቶ እንደ ሆነ በበላይ ዳኞች እንዲመረመር የሚያዝዝ ደብዳቤ አውጪ አላት። ወጪው የሚያንሰው ይህ ሦስተኛው ነው ብሎም መከራት። ቼስተር ይህን ምክር በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ። ስለ ሄል ሰዎች ሁለት ዓይነት ይፈርዳሉ። አንዳንዶቹ የልቡን ደግነት ያመሰግናሉ፤ ሌሎቹም ያን ያህል ታላቅ ዳኛ ሆኖ ስሕተቱን እያየ ለምን በምክር ብቻ ሰደዳት ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም እውነት አላቸው። የዳኛ ርኅራኄ እንባ ያብሳል፤ ነገር ግን ሰንሰለት አይፈታም። ለኤልሳቤጥ ደግሞ የሚያንሰው ወጪ እንኳ ከየት ይመጣል? በምጽዋት የምትኖር ሴት በለንደን ጠበቃ ልትቀጥር አትችልም።

ወጥታ አለቀሰች። ያለቀሰችው ግን በእርስዋና በባልዋ ላይ ስለ ጨከኑ ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ጌታ በሚመጣ ጊዜ ስለ ሥራቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ አስባ ነው።

ቡንያንም ራሱ ዝም አላለም። በ1662 ዓመት ዳኞቹ ዳግመኛ ወደ ቤድፎርድ ሲመጡ፥ ስሙን ወደ ችሎት ከሚቀርቡት ወንጀለኞች ስም ጋራ እንዲጽፍለት የወህኒውን አዛዥ ለመነው፤ በዳኞቹ ፊት ቆሞ ራሱ ሊናገር ፈልጎ ነበርና። አዛዡም ጻፈለት፤ ሸሪፉና አንዱ ዳኛም እንደሚጠራ ተስፋ ሰጥተው ነበር። ነገር ግን ያ በለዘበ ቃል የመከረው የችሎቱ ጸሐፊ ፈጥኖ ወደ አዛዡ ሄደና የተጻፈውን አስፋቀው። ቡንያንም አልተጠራም። አንድ ሰው በብዕሩ ጫፍ በሩን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ዓመቱ ረዘመ። ቡንያን ቤተ ሰቡን ለመርዳት በወህኒ ውስጥ የጫማና የልብስ ማሰሪያ ክር ጫፉን በቀጭን ናስ እየጠቀለለ ይሸጥ ነበር፤ ድስት የሚጠግን እጁ ለዚህ ሥራ አልከበደውም። መጽሐፍ ቅዱስም አልተለየውም። ደግ የሆነ አዛዥ ሲያጋጥመው አንዳንድ ጊዜ ወጥቶ እንዲመለስ ይፈቀድለት ነበር፤ ሌላ ጊዜ ግን በሩን እንዳያይ ይከለክሉት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልቡን የሚወጋው የዕውሪቱ ልጁ ነገር እንደ ሆነ ራሱ ጽፎአል። በ1666 ዓመት ለጥቂት ጊዜ ተፈታ፤ ዳግመኛ ሰበከና ዳግመኛ ታሰረ። አልሰብክም የሚለውን ቃል ግን ሊያወጡበት አልተቻላቸውም።

መፈታቱ የመጣው በ1672 ዓመት ነው። በመጋቢት ወር ንጉሡ ቻርልስ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉትን የሚያስጨንቀው ሕግ እንዲቆም ዐወጀ። በዚያን ጊዜ ኵዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች በየወህኒው ሞልተው ነበር፤ ጆርጅ ኋይትሄድ የሚባል መሪያቸው ስለ እነርሱ ለንጉሡ አቤት አለ። ንጉሡም እሺ አለው። ነገር ግን አንድ መሰናክል ነበረ፤ በታላቁ ማኅተም የታተመ የምሕረት ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ሰው ቢወጣ ክፍያው የማይቻል ይሆናል። ስለዚህ ሁሉ በአንድ ደብዳቤ እንዲጻፉና እንደ አንድ ሰው እንዲከፍሉ ታዘዘ። ሌሎቹ ማኅበሮችም ስማቸው በዚያው እንዲገባ በለመኑ ጊዜ ኋይትሄድ አልከለከላቸውም። በግንቦት ወርም ቡንያንና በቤድፎርድ ወህኒ የነበሩ ጥቂት ባልንጀሮቹ የራሳቸውን አቤቱታ ለንጉሡ አማካሪዎች አቀረቡ፤ ሸሪፉም የታሰሩት ስለ ሃይማኖት ጉባኤ ብቻ እንደ ሆነ መሰከረ። ስማቸውም ከዚያ ረጅም ብራና ገባ። በመስከረም ወር 1672 ማኅተሙ ታተመ፤ በብራናው ላይ የሰፈሩት ስሞች 491 ነበሩ።

በዚህ ነገር ውስጥ አንድ የሚያስገርም አለ። ቡንያን በጕልምስናው ጊዜ የኵዌከሮችን ትምህርት ተቃውሞ ጽፎ ነበር፤ በ1656 ዓመት ያሳተመው የመጀመሪያው መጽሐፉ በእነርሱ ላይ የተጻፈ ነው። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ስሙ ከእነርሱ ስም ጋራ በአንድ ብራና ተጻፈ፤ እነርሱ በከፈቱት በርም በምሕረት ወጣ።

ከወህኒ ከወጣ በኋላ ቡንያን የቤድፎርድን ማኅበር እንደ እረኛ አገለገለ። ኋላም ለጥቂት ወራት ዳግመኛ ታስሮ ነበር። በ1678 ዓመት ስለ ክርስቲያን መንገደኛ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ ይህም መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጕሞአል፤ ወደ አማርኛም ተመልሶአልና ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በቤታችሁ ሳታዩት አትቀሩም። እርሱም በ1688 ዓመት በለንደን ዐረፈ። ኤልሳቤጥ ከእርሱ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖረች።

ስለ ኤልሳቤጥ አቤቱታ ያወቅነው እንዴት ነው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከስዋን ቤት በተመለሰች ጊዜ ዳኞቹ ያሉትንና እርስዋ የመለሰችውን በወህኒ ላለው ባልዋ ነገረችው፤ እርሱም ከአፍዋ እየሰማ ጻፈው። ያን ወረቀት በሕይወቱ ሳለ አላሳተመውም። ከእርሱ በኋላ ተጠብቆ ቈይቶ በ1765 ዓመት ታተመ፤ ኤልሳቤጥ በዚያ ክፍል ከቆመች 104 ዓመት ሆኖ ነበር።